ስማችን ይሰወር፣ ሰዓታችን ይታወቅ

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ለምትገኙ የጤና ኃላፊዎች፣
ለእድር ዳኞችና ለነዋሪው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከአልኮል ሱስ ለመውጣት የሚሰበሰቡ ሰዎች የሚገናኙበት ቀንና ሰዓት በይፋ እንዲለጠፍ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ ያለ ስም በመላኬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምና ፊርማ የሌለውን ማመልከቻ መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ሳገለግል ፊርማ የጎደለውን ወረቀት ስንት ጊዜ መልሼአለሁ። ዛሬ ግን ስሜን ብጽፍ በየሳምንቱ ከእኔ ጋር የሚቀመጡት ስምንት ሰዎች አብረውኝ ይታወቃሉ። ፒያሳ ላይ ከማን ጋር እንደቆምህ ሰኞ ገበያ ሳትደርስ ቤትህ በሚሰማበት ከተማ፣ የአንዱ ስም የሁሉም ስም ነው።

ዘጠኝ ነን። ሹፌር አለን፣ መምህር አለን፣ አረቄ እያወጣች አራት ልጆች ያሳደገችና የሸጠችውን ያህል የጠጣች እናት አለችን፣ ከጁምዓ ሶላት ቀርቶ የማያውቅ ነገር ግን ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ይጠጣ የነበረ ነጋዴ አለን። ሐሙስ ሐሙስ በተውሶ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። ያገናኘን አንድ ነገር ነው፤ መጠጥ ማቆም እንፈልጋለን፣ ብቻችንን ግን አልቻልንም።

የምንጠይቃችሁ ገንዘብ አይደለም። የምንቀመጥበት ቀንና ሰዓት በየጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ፣ ሰው ሲገባበት ቢታይ የማያፍርበት አንድ ክፍልም እንዲፈቀድልን ነው። ጥያቄው ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ትንሽ አለመሆኑን እንድታዩ እኔ የመጣሁበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጠጥ ያስጀመረኝ ጦርነቱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ከመያዟ፣ እኛም ልጆቻችንን ይዘን ከመሰደዳችን በፊት እጠጣ ነበር። ስንመለስ ግን መጠጡ ከማታ ወደ ቀን ዞረ፣ ከቀን ደግሞ ወደ ጠዋት። ለብዙ ዓመታት ያታለለኝ ሁዳዴ ነበር። በየዓመቱ 55ቱን ቀን ጠብታ ሳልቀምስ እቆይ ነበርና፣ ሚስቴ ስትናገረኝ «ሱሰኛ ብሆን ኖሮ ሁዳዴን እንዴት እጾም ነበር?» እላታለሁ። መልስ አልነበራትም። እኔም ራሴ አምኜበት ነበር። የፋሲካ ለት ግን የሁለት ወሩን ዕዳ በአንድ ቀን እከፍለው ነበር። ይህን የምጽፈው ዛሬም በዚሁ ስሌት ራሱን የሚያሳምን ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ኋላማ ሁዳዴውንም መያዝ አቃተኝ።

አንድ ቀን ሆዴን አሞኝ ታከምኩ። የመረመረችኝ ወጣት ነርስ አንዲት ወረቀት አውጥታ አሥር ጥያቄዎች ጠየቀችኝ፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደምጠጣ፣ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኝ እንደሆነ፣ ጠዋት ስነሣ መጠጥ ያስፈልገኝ እንደሆነ፣ በመጠጥ ምክንያት ሰው ተጎድቶ ያውቅ እንደሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅ ነው። ከፍተኛው ነጥብ 40 ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ያሰጋል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሱስ ሳይይዘው አይቀርም ይባላል። እኔ 29 አመጣሁ። በሕይወቴ ብዙ ሂሳብ ደምሬአለሁ፣ እንደዚያ ድምር ግን ያስደነገጠኝ የለም። ነርሷ ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ለእርስዎ መድኃኒትም ሰውም ያስፈልግዎታል» አለችኝ። «መድኃኒቱን እኛ እንሰጥዎታለን። ሰዉን ግን የት እንደማገኝልዎት አላውቅም።»

ይህች ልጅ ሥራዋን አሳምራ ሠርታለች። ያጣችው የምትጠቁመኝ አድራሻ ነው።

እኔም ሰዉን ፍለጋ ወጣሁ። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ መስኮት ወደሚቀጥለው ተላክሁ። በአንዱ በር ላይ ጥበቃው የምፈልገውን በጆሮው ብነግረው «የሰካራሞች ስብሰባ ነው የሚሉት?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ አልሰማኝም ይሆናል። ተሰልፈው ከነበሩት ግን ሦስት አራት ሰዎች ዞሩ፤ አንደኛዋ የልጄ አስተማሪ ነበረች። «አይ፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ማታ የጠጣሁትን ያህል በሠርግም ጠጥቼ አላውቅም።

በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሰዓት፣ መጠጥ ፍለጋ ብወጣ ኖሮ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ጠላ ቤቱ በር ላይ በእንጨት የተደፋው ጣሳ ራሱ ይጠራኛል። አረቄ የት እንዳለ፣ ማን በዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቤት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ በር እንደሚከፍት ጠንቅቄ አውቅ ነበር። የሚያስጠጣኝን በር በጨለማ አገኘዋለሁ፤ የሚያስተወኝን በር ግን በጠራራ ፀሐይ ፈልጌ አጣሁት።

በመጨረሻ ያገኘሁት አዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄጄ፣ የአንድ ሰዓት ስብሰባ ተቀምጬ፣ በማግስቱ ተመለስኩ። ክፍሉ ውስጥ ወንበር በክብ ተደርድሯል። ስሜን የጠየቀኝ የለም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ተናጋሪውን የሚያቋርጥ፣ የሚመክር፣ የሚገሥጽ የለም። የመመዝገቢያ ክፍያ የለም፤ ለሻይና ለኪራይ የፈለገ በፈቃዱ ጣል ያደርጋል። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። እኔ በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገርኩም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ጠርሙስ የት የት ይደብቁ እንደነበር ሲናገሩ፣ ሦስተኛው መደበቂያቸው የእኔው መደበቂያ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብቻዬን አለመሆኔን አወቅሁ።

ይህ ዓይነቱ ስብሰባ የተጀመረበት ታሪክ ለጥያቄዬ ስለሚጠቅም በአጭሩ ላንሣው። በ1935 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ወደምትባል ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ቢሆነው ነው። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈበትና ሆቴሉ መግቢያ ላይ ቆሞ ቀረ። በአንድ በኩል ቡና ቤቱ፣ ሰዉ ሲስቅ ይሰማዋል፤ በሌላ በኩል የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወደ ዝርዝሩ ሄደና መደወል ጀመረ፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው ፈልጎ ለመነጋገር። ስልኩ በሰው በሰው አድርጎ በመጠጥ ሊጠፋ ከደረሰ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኘው። ዛሬ ከዓለም ዳር እስከ ዳር የተዘረጋው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአማርኛ «ስማቸው ያልተገለጸ የአልኮል ሱሰኞች» ልንለው የምንችለው ማኅበር፣ ልደቱ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች መገናኘት ይቆጠራል። እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ያ ግድግዳ ነው። በዚያ ሆቴል መግቢያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ባይኖር ሰውየው ወዴት ይዞር ነበር?

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እዚህ ደሴ ሁለት ሆነን ጀመርን። ሁለተኛው ሰው የሕፃንነት ጓደኛዬ ነው፤ አብረን የጠጣን፣ አብረን የወደቅን። አንዲት ልብስ ሰፊ ከሱቋ በስተኋላ ያለችውን ክፍል አዋሰችን፤ ቡናም ታፈላልናለች። ከዚያ ሦስተኛ መጣ፣ አራተኛ መጣ፤ ሁሉም በሹክሹክታ።

አምስተኛው ሰው የመጣ ቀን እንዲህ ሆነ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ቡና ሲቀርብለት እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገብ ነበርና ሲኒው ከንፈሩ ሳይደርስ ግማሹ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። አቀረቀረ። ሊነሣ ነው ብለን ፈራን። ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር ሌላ ሲኒ አመጣች፣ እስከ ግማሽ ብቻ ቀዳች፣ በእጁ አልሰጠችውም፤ አግዳሚው ላይ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ሰውየው ጥቂት ቆይቶ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። በዚያው ምሽት ሁለታችን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። በቀጣዮቹ ሐሙሶችም ሲኒውን ግማሽ አድርጋ አግዳሚው ላይ ታስቀምጥለት ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ሞልታ በእጁ ሰጠችው። ማንም ምንም አላለም፤ ሁላችንም ግን አይተናል።

ሐኪም ዘንድ ወሰድነው ያልኩት በምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ የቤተሰብ ኃላፊዎች ሁሉ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሊሞት ይችላል። የመጨረሻውን ከጠጣ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጡና ላቡ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያመጣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ያጣዋል። ከመካከላችን አንዱን ቤተሰቦቹ መጠጥ እንዲተው ብለው ክፍል ውስጥ አስገብተው በላዩ ቆለፉበት። ክፉ አስበው አልነበረም፤ የሚያድኑት መስሏቸው ነው። በሁለተኛው ሌሊት ተንዘፈዘፈ፣ ምላሱን ነክሶ ደም በደም ሆነ። እናቱ ከበሩ ውጭ ሆና ስትጸልይ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፎ ዛሬ ከእኛ ጋር ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ግን በሐኪም ክትትል ይታለፋል። እንደ ዲያዜፓም ያለ ማስታገሻ በልክ ተሰጥቶ በየቀኑ ይቀነሳል፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል፤ እርሱ ሲጎድል አንጎል ይጎዳልና። እኛ ሐኪም አይደለንም፣ አንሆንምም። ሥራችን የሚጀምረው ሐኪሙ ሰውየውን አክሞ ወደ ቤቱ ሲሰደው ነው፤ ቤቱ ባዶ፣ ማታው ረጅም፣ የጓደኞቹ መንገድ ሁሉ በጠላ ቤት በኩል ሲሆንበት።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረውና አገራችንም የተቀበለችው የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር አልኮልን ከያዛቸው ሕመሞች አንዱ አድርጎ፣ ጤና ባለሙያው ታካሚውን ከእንዲህ ዓይነት የመረዳጃ ስብሰባ ጋር እንዲያገናኘው ይመክራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 27 ጥናቶች በአንድ ላይ ተመርምረው፣ ይህ መንገድ ሰው ጨርሶ ከመጠጥ እንዲርቅ በማገዝ ረገድ ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች የማያንስ፣ አልፎም የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አውጥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ወጣት መሸጥንም ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። የመጠጡ ማስታወቂያ በወረደበት አገር የመዳኛው ማስታወቂያ ይውጣ ብንል ነውር ነው?

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ንስሐ አለን፣ ጸበል አለን፣ ዱዓ አለን» ይለኛል። ንስሐዬን አልተውኩም፤ ነጋዴው ወንድሜም ሶላቱን አልተወም። ነገር ግን ሁለታችንም ከሃይማኖት አባቶቻችን ፊት ስንቆም የምንደብቀው ነገር ነበረን፤ እርሱማ የእኔ እጥፍ ነበር የሚደብቀው፣ በእምነቱ መጠጡ ራሱ ሐራም ነውና። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን የሚደበቅ ነገር የለም፤ ሁላችንም አንድ በሽታ ነው ያለብን። ደግሞስ ተሰብስቦ ችግርን መካፈል ለወሎ ሰው መቼ እንግዳ ሆነ? ወዳጃ የሚቀመጠው፣ ሰንበቴ የሚጠጣው፣ በእድር የሚቀብረው ሕዝብ ነው። የጎደለን ጉባኤ አይደለም። ጽዋ የሌለበት ጉባኤ ነው።

ስለዚህ የእድር ዳኞች፣ ወደ እናንተ ልዙር። ብዙዎቻችሁ ቤት አላችሁ፤ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ድንኳኑ የሚቀመጥበት። ቀብር ካልኖረ ወይም ወርኃዊው ስብሰባ ካልደረሰ በቀር ተቆልፎ ይውላል። በሳምንት አንድ ሰዓት ብትከፍቱልን ጠርገን እንገባለን፣ ጠርገን እንወጣለን። እድርተኛው በመጠጥ ሲሞት ድንኳን ተክላችሁ ሦስት ቀን ታስተዛዝናላችሁ። በሕይወት ሳለ አንድ ሰዓት ቢሰጠውስ?

የጤና ኃላፊዎች ደግሞ ክፍሉን በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ብትፈቅዱልን እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለክትባትም፣ ለደም ግፊትም፣ ለነፍሰ ጡር ክትትልም በሚገባበት በር የሚገባን ሰው ማንም «ምን ሊያደርግ ገባ?» አይለውም። ለብቻው የቆመ፣ የስብሰባው ስም በትልቁ የተጻፈበት ቤት ቢሠራልን ግን አንድ ሰው አይገባበትም። እኛ ለይቶ የሚያሳየንን ቤት ሳይሆን ከሰው ጋር የሚቀላቅለንን በር ነው የምንፈልገው።

ማስታወቂያውም ረጅም አይሁን። እኛ እንዲህ አድርገን ጽፈነዋል፦ «መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው፦ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ስም አይጠየቅም። ክፍያ የለም። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያነጋግሩ።» ከዚህ ሥር የክፍሉ ቁጥር ይግባ፤ በቃ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛና ጥበቃውም ይህን ወረቀት አንብበውት ሰው ሲጠይቃቸው በዝግታ እንዲጠቁሙ ቢነገራቸው፣ እኔ የተመለስኩበት በር ለሌላው አይዘጋም። ስማችን ይሰወር፤ ሰዓታችን ግን ይታወቅ።

ኮምቦልቻን ለብቻ ማንሣት አለብኝ። ከዘጠኛችን ሦስቱ ከዚያ ነው የሚመጡት። 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ አይባልም፤ ነገር ግን ከሥራ ወጥቶ የሐረጎን ዳገት መውጣት፣ ስብሰባው ሲያልቅ በጨለማና በጉም ያንኑ ጠመዝማዛ መውረድ በየሳምንቱ የሚቻል አይደለም። አንደኛው ሁለት ሐሙስ በተከታታይ ቀረ፤ በሦስተኛው ሲመጣ እንደገና ጠጥቶ ነበር። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከገጠር መጥተው፣ በኪራይ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የሚቀበሉ ብዙ ወጣቶች አሉ። የቢራ ፋብሪካውም ያለው እዚያው ነው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ አልወቅሰውም። ቢራ በምትጠምቅ ከተማ ግን መጠጥ ለመተው የሚቀመጡባት አንዲት ክፍል መኖሯ ተገቢ ነው። ክፍሉ ከተገኘ ከእኛ ሁለት ሰዎች እየወረዱ ለማስጀመር ቃል ገብተዋል።

ሴቶቹም ለብቻ ሰዓት ይፈልጋሉ። ወንድ ሲጠጣ «ሰከረ» ይባላል፣ ሴት ስትጠጣ የሚባለውን እዚህ አልጽፈውም። ከእኛ ጋር ያሉት ሁለቱ እህቶቻችን ሲመሽ ከቤት ለመውጣት በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት መፍጠር አለባቸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያ በሚወጣበት ሰዓት ቢሆን የሚመጡ ሌሎችንም እንደሚያውቁ ነግረውናል።

ለነዋሪው አንዲት ቃል አለችኝ። በሠርግም በለቅሶም «አልጠጣም» ያለውን ሰው አንዴ ብቻ ስሙት። «ለበረከት ያህል»፣ «አንዷ ምን ታደርጋለች» ብላችሁ አትለምኑት፤ ብርዝ ወይም ውሃ ስጡትና ጨዋታችሁን ቀጥሉ። ያቺ አንዷ ምን እንደምታደርግ እኛ እናውቃለን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከጠጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ የመለሰኝ ሐሙስ መኖሩ ነው። መልሳችሁን በስማችን ልትልኩልን አትችሉም፣ እኛም ቢሮ ድረስ መጥተን ልንጠይቃችሁ አንችልም። ስለዚህ መልሱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉልን፤ በየቀኑ በዚያ በኩል እናልፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሐሙሶቹ አንዱ
ደሴ